ዮሐንስ አሞስ ኮሜኒዩስና የእናት ትምህርት ቤት

ልጅ ትምህርት የሚጀምረው መቼ ነው ተብለን ብንጠየቅ ብዙዎቻችን ደብተር ይዞ ትምህርት ቤት በገባበት ቀን ነው ብለን እንመልሳለን። ከአራት መቶ ዓመት ገደማ በፊት የነበረው ዮሐንስ አሞስ ኮሜኒዩስ ግን እንዲህ አላሰበም። የመጀመሪያው ትምህርት ቤት የእናት ጕልበት ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ዓመታት በከንቱ ካለፉ በኋላ ሃይማኖትንና ምግባርን በልጅ ልብ ለመትከል መድከም ደርቆ የጐበጠን ዛፍ ለማቃናት እንደ መድከም ነው ሲል አስተማረ።

ይህ ሰው የትምህርት ሊቃውንት እንደ አባት የሚቈጥሩት ነው። ዳሩ ግን ይህን አሳብ ያገኘው በጸጥታ በቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ አይደለም። አባትና እናቱን በልጅነቱ፣ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ገና በ30 ዓመቱ፣ አገሩንና ቤተ ክርስቲያኑን በጎልማሳነቱ፣ የብዙ ዘመን የጽሕፈት ሥራውንም በእርጅናው ያጣ ሰው ነው። ሁሉን ያጣ ሰው ስለ ምን ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ሕፃናት እንደ ተናገረ ለመረዳት ታሪኩን ከመጀመሪያው መከተል ያስፈልጋል። ይህ መጽሔት ከእኛ ከተማሪዎች አልፎ በወላጆቻችንም እጅ የሚገባ ስለ ሆነ፣ ለሁላችንም የሚነግረን ነገር አለው ብዬ አስቤ አቅርቤዋለሁ። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ኮሜኒዩስ የተወለደው ማርች 28 ቀን 1592 ዓ.ም. ሞራቪያ በሚባለው አገር ነው። አገሩ ዛሬ የቼክ ሪፑብሊክ ክፍል ነው፤ በአገሩም ቋንቋ ስሙ ያን አሞስ ኮሜንስኪ ይባላል። የትውልድ ቦታውን ጐረቤታሞች የሆኑት ኒቭኒጸ፣ ኮምኛና ኡኸርስኪ ብሮድ እስከ ዛሬ ድረስ የኛ ነው፣ የኛ ነው እየተባባሉ ይከራከሩበታል። ታላቅ ሰው ከሞተ በኋላ ዘመድ እንደሚበዛለት ከዚህ ይታያል፤ በሕይወቱ ሳለ ግን የሚያስጠጋው አገር አጥቶ ሲንከራተት ኖረ።

ወላጆቹ የወንድሞች አንድነት የምትባለው ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ነበሩ። ይህች ቤተ ክርስቲያን በ1415 ዓ.ም. በኮንስታንስ ከተማ በእሳት የተቃጠለውን የያን ሁስን ትምህርት ከተቀበሉት ሰዎች መካከል በ1457 ዓ.ም. የተመሠረተች ነበረች። አባሎቿ በቍጥር ጥቂት ነበሩ፤ ነገር ግን መጽሐፍ ቅዱስን በገዛ ቋንቋቸው ተርጕመው ክራሊጸ በተባለች መንደር በስድስት ክፍል አሳትመው ነበር። መጽሐፉ በሕዝቡ ቋንቋ ስለ ነበረ አባት ለቤተ ሰቡ ያነባል፣ እናትም ከልጆቿ ጋር መዝሙር ትዘምራለች። ትንሹ ያን ፊደልንና ጸሎትን ያገኘው በእንዲህ ያለ ቤት ነበር።

ይህ ኑሮ ግን ብዙ አልቈየም። በ1604 ዓ.ም. ገደማ አባቱ ሞተ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ እናቱ፣ ከእኅቶቹም ሁለቱ ተከተሉት። ልጁ ዐሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆነው ስትራዥኒጸ በምትባል ከተማ ከአክስቱ ዘንድ ተጠጋ፤ በሚከተለውም ዓመት ወታደሮች መጥተው ከተማዪቱን ዘረፉ፣ አቃጠሉም። ከአባቱ የቀረለትን ንብረት ሞግዚቶቹ በሚገባ አልጠበቁለትም፤ ስለ ትምህርቱም የሚያስብለት አልተገኘም። ስለዚህ ወደ ላቲን ትምህርት ቤት የገባው 16 ዓመት ሲሆነው ነበር። የእርሱ ዕድሜ እኩዮች ብዙ ሰዋስው በተማሩበት ጊዜ እርሱ በፕሬሮቭ ከተማ ከትናንሽ ልጆች ጋር ተቀምጦ ከመጀመሪያው ጀመረ።

ዘግይቶ መጀመሩ እስከ ሕይወቱ መጨረሻ ይቈጨው ነበር። ይሁን እንጂ ጥቅም ሳይሰጠው አልቀረም። ትንሽ ልጅ ሲገረፍ የሚገረፍበትን ምክንያት አይመረምርም፤ ይህ ጎረምሳ ግን ትምህርቱ በምን ላይ እንደ ተበላሸ በዐይኑ ይመለከት ነበር። መምህሩ ያላስረዳውን ሕግ ልጆቹ በቃላቸው እንዲይዙ ያስገድዳል፤ ያልያዘው ይገረፋል፤ የያዘውም ቢሆን የሚናገረው ነገር ምን እንደ ሆነ አያውቅም። ኮሜኒዩስ በኋላ ስለ ማስተማር ጥበብ የጻፈው ሁሉ ሥሩ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

ከዚያ ወደ ጀርመን አገር ሄዶ በ1611 ዓ.ም. ሄርቦርን፣ በ1613 ዓ.ም. ሃይደልበርግ ገብቶ ተማረ። ኮፐርኒክ ስለ ፀሓይና ስለ ምድር ዙረት በገዛ እጁ የጻፈውን መጽሐፍ በ1614 ዓ.ም. ሃይደልበርግ ላይ ገዛው። ገንዘቡን በዚህ ስለ ጨረሰ ወደ አገሩ የተመለሰው በእግሩ ነው ይባላል። ያ መጽሐፍ ዛሬ በፖላንድ አገር በክራኮቭ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። አገሩ ከገባ በኋላ በተማረበት በፕሬሮቭ አስተማሪ ሆነ፤ በ1616 ዓ.ም. ክህነት ተቀበለ፤ በ1618 ዓ.ም. ማግዳሌና የተባለች ሴት አግብቶ በፉልኔክ ከተማ የምእመናን እረኛና የትምህርት ቤት ኀላፊ ሆኖ ተሾመ። ደስ ብሎት የኖረው በዚህ ቦታ ሦስት ዓመት ያህል ብቻ ነበር።

በዚያው በ1618 ዓ.ም. የፕራግ መኳንንት በንጉሠ ነገሥቱ ላይ ተነሡ፤ ሠላሳ ዓመት የፈጀውም ጦርነት ተጀመረ። በ1620 ዓ.ም. ኖቬምበር ወር ነጭ ተራራ በተባለው ቦታ መኳንንቱ ድል ሆኑ። የንጉሠ ነገሥቱ ወታደሮች በ1621 ዓ.ም. ፉልኔክን ዘረፉ። የወንድሞች አንድነት ካህናት ይታደኑ ስለ ነበር ኮሜኒዩስ ቤተ ሰቡን ትቶ ሸሸ። በሚከተለው ዓመት በአገሩ ቸነፈር ገባ፤ ሚስቱም ሁለቱም ሕፃናት ልጆቹም ሞቱ። በ1623 ዓ.ም. ደግሞ በፉልኔክ ትቶት የሄደው ቤተ መጻሕፍት ተቃጠለ።

በዚህ ጊዜ ካርል ዠሮቲን የተባለ መስፍን በርስቱ ላይ ሸሽጎት ነበር። ኮሜኒዩስ በተሸሸገበት ሆኖ ዓለምን እንደ አንድ ትልቅ ከተማ፣ ሰውን በከተማው ውስጥ እንደሚንከራተት መንገደኛ አድርጎ የሚያሳይ መጽሐፍ በቼክ ቋንቋ ጻፈ። መንገደኛው በከተማው ያለውን ሥራና ማዕርግ ሁሉ ተመልክቶ ዕረፍት ያጣል፤ በመጨረሻም ወደ ገዛ ልቡ ተመልሶ ክርስቶስን እዚያ ያገኘዋል። የቼክ ሕዝብ ይህን መጽሐፍ በቋንቋው ከተጻፉት ከምርጦቹ አንዱ አድርጎ ይቈጥረዋል።

ከዚያ ወዲያ የመጣው ዐዋጅ ነበር። በ1627 ዓ.ም. በቦሄሚያ፣ በሚከተለውም ዓመት በሞራቪያ፣ ከንጉሠ ነገሥቱ ሃይማኖት በቀር ሌላ ሃይማኖት እንዳይኖር ተደነገገ። መኳንንቱ ወይ ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ፣ ወይ አገሩን ለቅቀው እንዲወጡ ታዘዙ። ባላገሩ ግን እንደ ልቡ መውጣት አልተፈቀደለትም። ኮሜኒዩስ በ1624 ዓ.ም. ሁለተኛ ሚስት አግብቶ ነበር፤ በ1628 ዓ.ም. ፌብሩዋሪ ወር በክረምቱ ብርድ ከቤተ ሰቡና ከብዙ ስደተኞች ጋር ተራራውን ተሻግሮ ሌሽኖ ወደምትባል የፖላንድ ከተማ ገባ። ድንበሩ ላይ ሲደርሱ ወደ ኋላ ዞሮ ተንበርክኮ፣ እግዚአብሔር በዚያ አገር ጥቂት ዘር እንዲያስቀር ለመነ ይባላል። አገሩን ዳግመኛ ለመኖሪያ አልተመለሰባትም።

እንግዲህ ነገሩን በአሳባችን እንመልከተው። ቤተ ክርስቲያኑ ተዘግቷል፤ ትምህርት ቤቱ ተወስዷል፤ መጻሕፍቱ ተቃጥለዋል፤ ካህናቱ ተሰደዋል። በአገር ቤት የቀረው ሕዝብ ልጆቹን በአባቶቹ እምነት ሊያስተምር ቢፈልግ የት ያስተምራቸዋል? ሌሽኖ የገቡትስ ስደተኞች፣ ነገ ወደ አገራችን እንመለሳለን እያሉ በሰው አገር የሚወልዷቸው ልጆች ምን ሆነው ያድጋሉ? ሹም ሊዘጋው የማይችለው ትምህርት ቤት አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም ቤት ነው። ኮሜኒዩስ በሌሽኖ ትምህርት ቤት እያስተማረ፣ ወደ አገራችን የተመለስን ዕለት ከምን እንጀምር እያለ በሚያስብበት በዚያ ጊዜ፣ ለእናቶችና ለአባቶች የሚሆን አንድ ትንሽ መጽሐፍ በቼክ ቋንቋ ጻፈ። ስሟንም የእናት ትምህርት ቤት መመሪያ አላት። በጀርመንኛ ተተርጕማ በ1633 ዓ.ም. ታተመች።

የትምህርቱ እቅድ እንዲህ ነበር። የሰው ልጅ እስከ 24 ዓመቱ በአራት ትምህርት ቤቶች ያልፋል፤ እያንዳንዱም ስድስት ስድስት ዓመት ነው። የመጨረሻው ከፍተኛ ትምህርት ቤት በየመንግሥቱ፣ የላቲኑ በየከተማው፣ በአገር ቋንቋ የሚያስተምረው በየመንደሩ ይቋቋም አለ። የመጀመሪያው ግን በየቤቱ የሚገኝ ነው፤ አስተማሪዎቹም ወላጆች ናቸው። ሁሉም ትምህርት እንዲዳረሰው፣ ሴት ከወንድ፣ ድኻም ከባለጸጋ እንዳይለይ አጥብቆ ጽፏል፤ ይህም በዚያን ዘመን ብዙ ሰው የማይቀበለው አሳብ ነበር።

መጽሐፏ የምትጀምረው ስለ ሕፃን ክብር ነው። ወርቅና ብር ነገ ወደ ሌላ ሰው ይዛወራል፤ ልጅ ግን ከእግዚአብሔር የተሰጠ፣ በመልኩ የተፈጠረ፣ ለዘለዓለም የሚኖር ሀብት ነው ይላል። ጌታ ኢየሱስ ሕፃንን በደቀ መዛሙርቱ መካከል ማቆሙንና ሕፃናትን ወደ እርሱ እንዳይመጡ የከለከሉትን መገሠጹን ያስታውሳል። ቀጥሎ ስለ ሰውነት ጤንነት ያስተምራል። እናት ገና በማሕፀን ሳለ ራሷን እንድትጠብቅ፣ ከተወለደም በኋላ በገዛ ጡቷ እንድታጠባው ይመክራል። ይህ ለእኛ አገር እናቶች ሊነገር የማይገባው ነገር ይመስል ይሆናል፤ በዚያን ጊዜ ግን የአውሮፓ ወይዛዝርት ልጃቸውን ለሞግዚት እየሰጡ የማጥባትን ድካም ይሸሹ ነበር፤ ኮሜኒዩስም ይህን በብርቱ ነቀፈው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነገር መምህራኖቻችንን ደስ የሚያሰኝ ይመስለኛል። ትልልቆቹ የትምህርት ዐይነቶች ሁሉ ሥራቸው በሕፃንነት ይበቅላል ይላል። ሕፃኑ ውሃን፣ ድንጋይን፣ ዝናምን፣ ሣርንና ዛፍን ለይቶ ሲያውቅ የተፈጥሮን ትምህርት ጀምሯል። ጨረቃንና ከዋክብትን ሲያሳዩት የሰማይን ትምህርት፣ ተራራንና ሸለቆን፣ መንደርንና ወንዝን ሲያውቅ ጂኦግራፊን ጀምሯል። ትናንት የሆነውን ሲተርክ ታሪክ ተናገረ። ሦስት ከሁለት እንደሚበልጥ ሲያውቅ ሒሳብ ገባው፤ ረጅሙን ከአጭሩ ሲለይም የጂኦሜትሪን ደጃፍ ረገጠ። ይህን ሁሉ ለማስተማር ብዕርና ወረቀት አያስፈልግም፤ የምታናግርና የምታሳይ እናት፣ ሲጠየቅ የማይቈጣ አባት ይበቃል።

ስለ ጨዋታ የጻፈውም ቢሆን በዘመኑ እንግዳ ነገር ነው። ሕፃናት እንደ ጕንዳን ዐርፈው መቀመጥ አይችሉም፤ ስለዚህ ዝም ብለህ ተቀመጥ ከማለት ይልቅ የሚሠሩትን መስጠት ይሻላል ይላል። እውነተኛ ቢላዋና ሰይፍ ስለሚያቈስላቸው ከእንጨት ይሠራላቸው፤ በጭቃና በጠጠር፣ በፍልጥ ስባሪም ቤት ይሥሩ፤ ወላጆችም አብረዋቸው ለመጫወት አይፈሩ። በዚያን ዘመን ይህን የጻፈው የተከበረ ካህን መሆኑን ስናስብ እንደነቃለን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመጣለን። ኮሜኒዩስ ዕውቀትን ሁሉ ቢወድድም ያለ ፍርሃተ እግዚአብሔር ያደገ ዐዋቂ ለራሱም ለሰውም አደጋ ነው ብሎ ያምን ነበር። ስለዚህ በመጽሐፏ እግዚአብሔርን መምሰልን አስቀደመ፤ ምግባርን አስከተለ፤ ዕውቀትን በሦስተኛ ደረጃ አቆመ። የሃይማኖት ትምህርት ልጁ አፉን መፍታት ሲጀምር፣ በሁለተኛ ዓመቱ ገደማ ይጀመር ይላል። አጀማመሩም በቃል አይደለም፤ በዐይን ነው። ወላጆቹ ሲጸልዩ ሕፃኑ በመካከላቸው ዝም ብሎ ይቁም፤ እጁን ማጣመርን፣ መንበርከክን፣ ወደ ሰማይ ማየትን ከእነርሱ ይማር። የሚበላው እንጀራና የሚለብሰው ልብስ ከማን እንደሚመጣ ይነገረው። ቋንቋው ሲጠነክር አቡነ ዘበሰማያትን ይማር፤ ግን ሁሉን በአንድ ጊዜ አይደለም። የመጀመሪያዪቱን ልመና ጧትና ማታ እየደጋገመ ካወቃት በኋላ ሁለተኛዪቱ ትጨመርለት። ጸሎተ ሃይማኖትና ዐሥሩ ትእዛዛትም በተራቸው ይምጡ። መዝሙርን ደግሞ ገና በዕቅፍ ሳለ እየሰማ ይደግ።

ምግባርንም በዚሁ መንገድ ነው የሚያስተምረው። ንጽሕናን፣ ልክ ማወቅን፣ እውነት መናገርን፣ የሌላውን አለመንካትን፣ ካለው ላይ ለሌላው ማካፈልን አንድ በአንድ ይዘረዝራል። የሚያስተምራቸውም ከሁሉ በፊት የወላጆች አርኣያ ነው፤ ሕፃን የሚሰማውን ረስቶ የሚያየውን ይከተላልና። አባት ሰክሮ እየገባ ልጁን ስለ ልክ ማወቅ ቢመክረው ነፋስን እንደ መገሠጽ ነው። እውነቱን ለመናገር በትርን ጨርሶ አልከለከለም፤ ምክርና ተግሣጽ ካልበቃ ወላጅ በትር ቢያነሣ ይፈቅዳል። በዚህ ነገር የዘመኑ ሰው ነበር፤ እኛ ልንከተለው አይገባንም። ቢሆንም ብዙዎች ከበትር በሚጀምሩበት ዘመን እርሱ በትርን መጨረሻ ላይ ማስቀመጡ ትንሽ ነገር አይደለም።

ለወላጆች አንድ ሌላ ምክር አለው፤ ይኸውም ልጁን በመምህሩ አታስፈራሩት የሚል ነው። ቈይ ብቻ፣ ትምህርት ቤት ስትገባ ታገኛታለህ እየተባለ ያደገ ልጅ ትምህርት ቤትን እንደ ወኅኒ ቤት ያያታል። ይልቁንስ መልካምነቷን ይንገሩት፤ ቀኑም ሲደርስ በጸሎትና በምርቃት ይላኩት። ስድስት ዓመት ሳይሞላውም ወደ መንደር ትምህርት ቤት መስደድ አይገባም፤ ብዙ ልጆች የተቀመጡለት አንድ መምህር እናት ለአንድ ልጇ የምትሰጠውን ሊሰጥ አይችልም ይላል።

ይህን የሚጽፈው ሁለት ሕፃናት ልጆቹን የቀበረ ሰው ነው። መጽሐፏ ስለ እነርሱ አንዳች አትናገርም።

ኮሜኒዩስ በዓለም ስም ያገኘው ግን በሌላ መጽሐፍ ነው። በ1631 ዓ.ም. ላቲንን በቀላል መንገድ የሚያስተምር መጽሐፍ አሳተመ፤ በአውሮፓ ቋንቋዎች ሁሉ ማለት ይቻላል እየተተረጐመ ተሠራጨ። በ1641 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ አገር ተጠርቶ ሄደ፤ እዚያም የርስ በርስ ጦርነት ስለ ተነሣ ሥራው ሳይጀመር ቀረ። ቀጥሎ የስዊድን መንግሥት የትምህርት መጻሕፍት እንዲጽፍ ቀጠረው፤ ለዚህም በባልቲክ ባሕር አጠገብ በኤልቢንግ ከተማ ስድስት ዓመት ተቀመጠ። ለእኛም ቅርብ የሆነ አንድ ነገር ከዚህ ጋር ላንሣ። በጀርመን አገር የጎታ መስፍን ኤርንስት በ1642 ዓ.ም. ለትምህርት ቤቶቹ ያወጣው ደንብ ከኮሜኒዩስ አሳብ ብዙ የወሰደ ነው። የኛው ሰው አባ ጎርጎርዮስ በ1652 ዓ.ም. ወደ ጎታ ተጠርተው ለሂዮብ ሉዶልፍ ግእዝንና አማርኛን ያስተማሩት በዚሁ መስፍን ቤት ነበር።

በ1648 ዓ.ም. ሠላሳው ዓመት ጦርነት በዕርቅ ተፈጸመ። ኮሜኒዩስ በዚያ ዓመት የቤተ ክርስቲያኑ የበላይ ጳጳስ ሆኖ ተሾሞ ነበር፤ በዚያው ዓመት ሁለተኛዪቱ ሚስቱ ሞተችበት። ስደተኞቹ ሃያ ዓመት ሙሉ የጠበቁት ዕርቅ ለእነርሱ ምንም አላመጣም፤ ወደ አገራቸው እንዲመለሱ የሚፈቅድ ቃል በውሉ አልገባም። ከዚህ በኋላ ከ1650 እስከ 1654 ዓ.ም. በሁንጋርያ አገር በሻሮሽፓታክ ትምህርት ቤት ሠራ። ተማሪዎቹ ትምህርታቸውን እንደ ቴአትር እየተጫወቱ እንዲማሩ ያደረገው በዚህ ቦታ ነው።

ወደ ሌሽኖ ከተመለሰ በኋላ የስዊድን ንጉሥ ፖላንድን ወረረ፤ ኮሜኒዩስም ንጉሡን የሚያወድስ ጽሑፍ ጻፈ። ያስጠጋው አገር ሲወረር ወራሪውን ማወደስ ትልቅ ስሕተት ነበር። በ1656 ዓ.ም. ኤፕሪል ወር የፖላንድ ወታደሮች ሌሽኖን አቃጠሉ። ከአርባ ዓመት በላይ የደከመበት የቼክና የላቲን መዝገበ ቃላት ከብዙ ሌሎች ጽሑፎቹ ጋር ዐመድ ሆነ። ስለ አገሩ ነጻ መውጣት የሚተነብዩ ሰዎችን ራእይ አምኖ ማሳተሙም በዘመኑ አስነቅፎታል። አገሩን የናፈቀ ሰው ደስ የሚያሰኘውን ወሬ ለማመን እንዴት እንደሚቸኩል ከዚህ እናያለን።

የ64 ዓመት ሽማግሌ ሆኖ አምስተርዳም ገባ። ሎሬንስ ደ ኼር የተባለው ባለጸጋ ቤት ሰጠው። ስለ ትምህርት የጻፋቸው ሥራዎች በ1657 ዓ.ም. ተሰብስበው እዚያው ታተሙ። በሚከተለው ዓመት ደግሞ ዓለም በሥዕል የተባለው መጽሐፉ በኑረንበርግ ወጣ። ወደ 150 የሚጠጉ ሥዕሎች አሉበት፤ በሥዕሉ ላይ ያለው ነገር ቍጥር ተሰጥቶት በታች ስሙ በላቲንና በጀርመንኛ ይነበባል። ፊደሉ የሚጠናው በእንስሳት ድምፅ ነው፤ ቍራ ሲጮኽ፣ በግ ሲያለቅስ እየታየ። ትምህርቱ ስለ እግዚአብሔር ተጀምሮ በሰማይና በምድር፣ በእንስሳት፣ በዳቦ ጋጋሪና በልብስ ሰፊ ሥራ በኩል አልፎ በመጨረሻው ፍርድ ይፈጸማል። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ የተወለደው ባለ ቅኔው ገተ እንኳ በዚህ መጽሐፍ አድጓል። በእጃችን ያሉት ባለ ሥዕል የልጆች መጻሕፍት ሁሉ የእርሱ የልጅ ልጆች ናቸው ቢባል ውሸት አይሆንም።

ኮሜኒዩስ ኖቬምበር 15 ቀን 1670 ዓ.ም. ሞተ፤ በናርደን ከተማም ተቀበረ። ዛሬ ማርች 28 ቀን፣ የልደቱ ዕለት፣ በቼክ ሪፑብሊክ የመምህራን ቀን ሆኖ ይከበራል፤ ሥዕሉም በ200 ኮሩና ብር ላይ አለ፤ በብሩ ጀርባ የአዋቂ እጅና የልጅ እጅ ሲገናኙ ይታያሉ።

ያች የእናቶች መጽሐፍስ? በጀርመንኛና በላቲን ታትማ በሌሎች አገሮች ስትነበብ፣ በቼክ ቋንቋ የጻፋት ግን በሌሽኖ ከወረቀት መካከል ተቀብራ ቈየች። ፕራግ ላይ የታተመችው በ1858 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ የተጻፈችላቸው የሞራቪያ እናቶች አላነበቧትም።

እናቶቹ ግን ዝም ብለው አልተቀመጡም። በፉልኔክ ዙሪያ በነበሩ መንደሮች አንዳንድ ቤተ ሰቦች፣ ቤተ ክርስቲያን ሳይኖራቸው፣ መምህር ሳይኖራቸው፣ የአባቶቻቸውን ጸሎትና መዝሙር ደጃቸውን ዘግተው ለልጆቻቸው እያስተማሩ መቶ ዓመት ያህል ቈዩ። በ1722 ዓ.ም. ከእነርሱ ጥቂቶቹ በሌሊት ድንበሩን ተሻግረው በሳክሶኒ በመስፍኑ በጺንጸንዶርፍ ርስት ላይ ሄርንሁት የተባለችውን መንደር ቈረቈሩ፤ የወንድሞች አንድነትም እንደ ገና ተነሣች። ጳጳስ መሾም ባስፈለጋቸው ጊዜ የቀድሞዪቱ ቤተ ክርስቲያን ጵጵስና ያለው አንድ ሽማግሌ በበርሊን መኖሩን ሰሙ። ይህ ሽማግሌ ዳንኤል ኤርንስት ያብሎንስኪ ይባላል፤ የኮሜኒዩስ የልጁ የኤልሳቤጥ ልጅ ነው። እርሱም በ1735 ዓ.ም. እጁን ጭኖ ዳዊት ኒችማንን ሾመ። ኒችማን በሙያው አናጢ ነበር፤ የተወለደውም ከፉልኔክ ብዙ ሳይርቅ ዛውኽተንታል በምትባል መንደር ነው።